የዶን ኤላዲዮ ሽቦና የግቢያችን እትብት

የአልሜንድሮ ግቢ ነዋሪዎች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ሜይ 26 ቀን 1991
ቦታ፦ ቦካ ቪዬሃ የባሕር ዳር መንደር፣ አምስቱ ቤቶች በሚጋሩት ግቢ፣ ከአልሜንድሮው ዛፍ ጥላ ሥር
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ፣ የዶሚኖው ጨዋታ እስኪያልቅ ተጠብቆ ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ዶን አርሴኒዮ ታቫሬስ፣ ባለ ሱቅ፣ ሰብሳቢ
2. ዶን ኤላዲዮ ቬራስ፣ ጡረታ የወጡ የቴሌግራም ሠራተኛ፣ ባለ መነጋገሪያ ሬዲዮ፣ አመልካች
3. ዶኛ ኔሬይዳ ፖላንኮ፣ የግቢው ጽዳት ተጠሪ፣ አጀንዳው ሳይነበብ ጀምሮ ተቃዋሚ
4. ዶኛ ሴንሲያ፣ የሰፈሩ አዋላጅ የነበሩ፣ የሁላችንም ታላቅ
5. ፓፒን፣ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ፣ በክርክሩ በሁለቱም ወገን
6. ዩደልካ ፔጌሮ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጸሐፊ (ባለፈው ስብሰባ ስላልተገኘች በሌለችበት በሙሉ ድምፅ የተመረጠች)

ያልተገኘ፦ ዊልፍሪን ፖላንኮ፣ የዶኛ ኔሬይዳ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጅ። ነገ ባሕር ስለሚገባ መረብ ሊጠግን ወደብ መሄዱን እናቱ አስታውቀዋል።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ የተረጋገጠው ፓፒን ወደ ዶኛ ሴንሲያ ወንበር ጠጋ ብሎ መተንፈሳቸውን ካየ በኋላ ነው።

የስብሰባው መክፈቻ

ሰብሳቢው ድርብ ስድስቷን የዶሚኖ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ መትተው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ፣ ዶኛ ኔሬይዳ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አቅርበዋል። ጥያቄውም ሰብሳቢው ዛሬ የእናቶች ቀን መሆኑን ያውቁ እንደሆነ፣ ካወቁ ምን እንደነካቸው፣ ካላወቁ ደግሞ እሳቸውን እናት ሳትሆን ማን እንደወለዳቸው እንዲያስረዱ የሚል ነው። ሰብሳቢው ቀኑን ሳያስተውሉ መቅጠራቸውን አምነው፣ ለእናቶች ሁሉ ከሱቃቸው ለስላሳ እንዲታደል አዘዋል። ፓፒን እናት ያለውም ሰው ይጨመር እንደሆነ ማብራሪያ ጠይቆ ነበር። ማብራሪያው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ዝናብ ስላገኘው ከትዝታ እንዲጸድቅ ተወሰነ። ሁሉም የየራሱን አስታውሶ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ዶኛ ኔሬይዳ እሳቸው የሚያስታውሱት ዓምና ለዶን ኤላዲዮ በግቢው መካከል አንድ ቀጭን የአንቴና ምሰሶ መፈቀዱን እንደሆነ ገልጸው፣ የፈቀዱት ምሰሶ እንጂ ሥር የሚሰድ ዛፍ አለመሆኑ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተይዟል።

አጀንዳ 2፦ የዶን ኤላዲዮ የመሬት ሽቦ ጥያቄ

አመልካቹ እንዳስረዱት፣ ዓምና ያቆሙት አንቴና የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከመሬት ይገኛል። ከምሰሶው እግር ተነስተው እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች በየአቅጣጫው የሚዘረጉ የመዳብ ሽቦዎች አራት ጣት ያህል ገባ ብለው ካልተቀበሩ፣ ሬዲዮው የሚያወጣው ኃይል ርቆ መሄዱን ትቶ እዚሁ አፈር ውስጥ ይቀራል። በዚህ ምክንያት እሳቸው ሁሉን ይሰማሉ፤ እሳቸውን ግን የሚሰማ የለም። ሰብሳቢው ይህ ችግር በእሳቸውም ላይ በየስብሰባው እንደሚደርስ ገልጸው ድንጋይዋን መትተዋል።

ፓፒን እዚህ የሚቀረው ኃይል ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። አመልካቹ “የምድር ትል ሲያሞቅ ይውላል” ብለው መለሱ። ፓፒን ትል ከሞቀው ይወፍራል፣ ከወፈረ ለመንጠቆ ይሆናል፣ ስለዚህ ነገሩ እንዳለ ቢተው ለዓሣ አጥማጆች ይበጃል የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡን ፓፒን ራሱ ሳይቀር ሁሉም ተቃውሞታል።

አመልካቹ የአውሎ ነፋሱ ወራት በዚህ ሳምንት እንደሚገቡ አሳስበው፣ የዓምናው እንዳይደገም ተማጽነዋል። ለማያውቅ አንባቢ የዓምናው ይህ ነው። በመስከረም ማዕበል የእነ ዊልፍሪን ጀልባ ደብዛዋ ጠፋ። የስልኩም መሥመር ወድቆ ነበር። በኋላ ዶን ኤላዲዮ ከባሕሩ ማዶ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከማያጉዌስ ከተማ አንድ ባለ ሬዲዮ፣ መርከብ ከባሕር አንስቶ እዚያ ያደረሳቸውን ሰዎች ስም ሲጠራ ሰሙ፤ ከስሞቹ አንዱ የክርስትና ልጃቸው የዊልፍሪን ነበር። “ቤተሰቡን የሚያውቅ አለ?” ይላል ሰውየው። ዶን ኤላዲዮ ባትሪው እስኪሞት መለሱ። ማንም አልሰማቸውም። ሮጠው ሄደው ለዶኛ ኔሬይዳ ነገሯቸው። ዶኛ ኔሬይዳ ግን አበልጃቸው ሊያጽናኗቸው የፈጠሩት መስሏቸው ለሙት የሚደረገውን የዘጠኝ ቀን ጸሎት ቀጠሉ። በዘጠነኛው ቀን ዊልፍሪን በበሩ ገብቶ፣ ለነፍሱ የተሠራውን ሩዝ በቦሎቄ ሁለት ሰሐን በላ። ፓፒን በለቅሶው ላይ ስለ ዊልፍሪን የተናገረውን መልካም ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ መልስልኝ ይለዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቦታው ጉዳይ ተገባ። ግቢው ጠባብ ነው። በምሥራቅ የዶሚኖ ጠረጴዛው፣ በምዕራብ የልብስ ማጠቢያው፣ ከጀርባ መጸዳጃ ቤቱና የዶሮ ቤቱ አሉ። ዶን ኤላዲዮ ቦታ ሲጠብ ሽቦዎቹን ማሳጠርና ቁጥራቸውን ማብዛት፣ ግድግዳ ሲመጣም ማጠፍ እንደሚቻል አስረዱ። “ሽቦ አህያ አይደለም፤ ዙር ሲሉት ይዞራል” ብለዋል። ሰብሳቢው በዶሚኖ ጠረጴዛው ሥር የሚያልፈው ሽቦ ድንጋዮቹን ያሞቅ እንደሆነ ጠየቁ። እንደማያሞቅ ተነገራቸው። ያም ሆኖ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ውሳኔ አንድ፦ ሽቦ በዶሚኖ ጠረጴዛው ሥር ማለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሰብሳቢው እየተሸነፉ ባለበት ሰዓት ሬዲዮ አይከፈትም። ዶን ኤላዲዮ ይህ ከሆነ ሬዲዮው መቼም አይከፈትም ሲሉ ያሰሙት ተቃውሞ ተመዝግቧል።

ፓፒን ምሰሶው ባሕር ውስጥ ቢተከል መቆፈርም ሽቦም ባላስፈለገ ነበር አለ። ሳቅ ሆነ። ዶን ኤላዲዮ ግን ፓፒን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መናገሩን፣ ጨው ውሃ ከማንኛውም አፈር እንደሚሻል፣ ችግሩ የመጀመሪያው ማዕበል ምሰሶውን ይዞት መሄዱ ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ፓፒን ልክ መናገሩ ለብቻው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠየቀ። ተይዟል።

ሰብሳቢው ታዲያ ሽቦው ሳይቀበር እንዲሁ መሬት ላይ ተዘርግቶ በቆልማማ ሽቦ ቢቸነከርስ አሉ። አመልካቹ ይህም እንደሚሠራ፣ ሣር ባለበት አገር ሣሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሽቦውን እንደሚውጠው አስረዱ። ዶኛ ኔሬይዳ በዚህ ግቢ ሣር የሚባል ነገር የሌለው እሳቸው ማለዳ ማለዳ ስለሚጠርጉ መሆኑን፣ ሲጠርጉ የኖሩትም እንግዳ ገብቶ የእነ ኔሬይዳ ደጅ ነው እንዲል እንጂ መጥረጊያቸው በመዳብ ተጠላልፎ በአፍጢማቸው እንዲደፉ አለመሆኑን አሳወቁ።

ውሳኔ ሁለት፦ ሽቦው መሬት ላይ ይዘርጋ፤ ዶኛ ኔሬይዳ ሊጠርጉ ሲወጡ ግን ይሰብሰብ። ዶን ኤላዲዮ ማዕበል ሊነጋጋ ሲል ቢመጣ ተጠርጎ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ እንደሆነ ጠየቁ። ዶኛ ኔሬይዳ መሬት ላይ የተዘረጋውንም እቃወማለሁ ስላሉ ውሳኔ ሁለት ወዲያው ተነስቶ ወደ መቅበሩ ተመልሷል።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ቀን በመሆኑ ማንም አላስተዋለም። የሱቁ ማቀዝቀዣ ዝም ማለቱን የሰሙት ሰብሳቢው ብቻ ሲሆኑ፣ ለስላሳው ሳይሞቅ ቶሎ እንዲጠጣ አዘዋል።

ከዚያ ዶኛ ኔሬይዳ ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍ ጠይቀው ተነሱ።

“በዚህ ግቢ የተወለደ ሁሉ እትብቱ እዚሁ ነው የተቀበረው። የኔም፣ የልጄም፣ የዚህ የፓፒንም፣ እሱ ባይገባውም። ዓምና ልጄን ባሕር ዋጠው ሲባል ማነው የመለሰው? ሬዲዮው ነው? ሬዲዮውማ ብቻውን ሲጮህ ከረመ! እትብቱ ነው ጎትቶ ያመጣው። ነገ ደግሞ ሊሄድ ነው። እና ዛሬ በዶማ ቆርጣችሁ ባሕር ላይ ልትለቁብኝ ነው?”

ዶን ኤላዲዮ “አበልጄ፣ እኔም እኮ ለእሱ ብዬ ነው” አሉ።

“ለእሱ ካሉ ይተዉት!”

ሁለት አበልጆች አንድ ልጅ እየወደዱ በአንድ ግቢ መስማማት እንዳቃታቸው ጸሐፊዋ ከራሷ ጨምራ ጻፈች። ሰብሳቢው እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊዋ መሰረዙን ረስታዋለች።

ውሳኔ ሦስት፦ ሽቦው ከማንኛውም እትብት አንድ ክንድ ርቆ ይለፍ። እትብቶቹ የት የት እንዳሉ ያመለክቱ ዘንድ የቀበሯቸው ዶኛ ሴንሲያ በባለሙያነት ይቀስቀሱ።

ዶኛ ሴንሲያ ተቀስቅሰው፣ ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው፣ በምርኩዛቸው እየዞሩ መሬቱን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ፓፒን አመድ ይዞ እየተከተለ በመቱበት ሁሉ ክብ አደረገ። የዶኛ ኔሬይዳ ከማጠቢያው ሥር ተገኘ። የዊልፍሪን ከምሰሶው አጠገብ ሆነ። የፓፒን የዶሮ ቤቱ ውስጥ ነው ሲባል ፓፒን ድጋሚ እንዲታይለት አመለከተ። ዶኛ ሴንሲያም “አንተ የተወለድክ ቀን ዶፍ ነበር፤ ጣራ ያለው መሬት ያ ብቻ ነበር። ለነገሩ ጩኸትህ ከዶሮዎቹ አይለይም ነበር” ብለው ማመልከቻውን ዘጉበት። ሰብሳቢው የእሳቸው የት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ “አንተ ከሞካ ከተማ ሱቅ ልትከፍት የመጣህ ሰው፣ ምን እትብት አለህና!” ተባሉ። በግቢው እትብት የሌለው ሰው ስለ እትብት ስብሰባ መምራት ይችላል ወይ የሚል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ከፓፒን ቀረበ።

ውሳኔ አራት፦ ሰብሳቢው መምራት ይችላሉ፤ አመድ ላይ ግን አይቆሙም።

ዶኛ ሴንሲያ እየቆዩ ሲሄዱ ከነዋሪዎቹ አልፈው የሞቱትን፣ ቀጥሎም ወደ ዋና ከተማው የሄዱትን፣ በመጨረሻም አባታቸው ማን እንደሆነ ሰፈሩ የሚጠረጥራቸውን ሁሉ እትብት ይመቱ ጀመር። አንዳንድ ስም ሲጠራ አንዳንድ አባላት ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመልክተዋል። ሰብሳቢው ምርመራው በዚሁ ይበቃል አሉ። በዚህ ጊዜ ግቢው በአመድ ተሞልቶ፣ ነፃ ሆኖ የቀረው በመጸዳጃ ቤቱና በዶሮ ቤቱ መካከል ያለው ጉሮኖ መሳይ ቦታ ብቻ ነበር። ያውም ከምሰሶው ጋር አይገናኝም።

ዶን ኤላዲዮ ያንን ቦታ በዓይናቸው ለክተው፣ “ይሄ ለሬዲዮ ሳይሆን ዶሮ ለማሰር የሚበቃ ሽቦ ነው” አሉ።

ውሳኔ አምስት፦ ዶን ኤላዲዮ በተባለው ቦታ ላይ አንድ ሽቦ እንዲቀብሩ በአብላጫ ድምፅ ተፈቅዶላቸዋል። ሰብሳቢው ሁሉም ወገን አሸንፏል ሲሉ አጨብጭበዋል። ብቻቸውን ነው ያጨበጨቡት። ዶን ኤላዲዮ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ እንግዲህ ሲሰሙ ይኖራሉ፣ መስማትን ለምደውታል አሉ፤ ድምፃቸውም ሲናገሩበት ከቆዩት ያነሰ ነበር። ሽማግሌ እንዲህ ሲሆን ማየት ደስ አይልም፤ ይህም የጸሐፊዋ ነው።

ስብሰባው ሊዘጋ ሲል ዊልፍሪን ፖላንኮ መረቡን ተሸክሞ ገባ። አመድ ላይ ቆመሃል ተብሎ ሁለት ጊዜ ከቆመበት ተነሳ። ሦስተኛው ላይ ይህ ሁሉ አመድ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፓፒን ነገሩን ከነዶሮ ቤቱ አስረዳው። ዊልፍሪን ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ትቶ እናቱን አየና እንዲናገር ፈቃድ ጠየቀ። ሰብሳቢው በአጭሩ እንዲሆን አሳሰቡት። የተናገረው እንዳለ ይኸው።

“እማ፣ ያኔ እኔ እኮ ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። የማያጉዌሱ ሰውዬ ስሜን ሲጠራ በርጩማ ስቦ አጠገቡ አስቀምጦኝ ነበር። የክርስትና አባቴ ይሰማል አልኩት፤ እሱ ሁሌ ይሰማል፣ አሁን ይመልሳል አልኩት። ሰውዬው ቦካ ቪዬሃ፣ ቦካ ቪዬሃ ይላል፤ ዝም። ደግሞ ይላል፤ ዝም። መጨረሻ ላይ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ‘ልጄ፣ እዚያ ሰው የተረፈ አይመስለኝም’ አለኝ። ባሕሩ ወጥቶ ግቢውን ከነሰዉ የወሰደው መሰለኝ። እናንተ እኔን ስታለቅሱ እኔ እናንተን ሳለቅስ ነው የከረምኩት። በበሩ ስገባ ጸሎቱን ሰማሁ። ለኔ ነው ብዬ መች ገመትኩ? ማን ተርፎልኝ ይሆን ብዬ ነው የገባሁት።”

ዶኛ ኔሬይዳ “እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?” አሉት።

“ደስ ብሎሽ ነበራ፣ እማ። ምን ብዬ ላንሳው?”

ዶን ኤላዲዮ ሳይፈቀድላቸው ተናገሩ። “በመስኮቴ ይታዩኝ ነበር፣ አበልጄ። ጥቁር የተነከረውን ቀሚስዎን እያሰጡ ነበር። እኔም ለሰውዬው እሱን ነበር የምለው። እናቱ እዚህ አለች፣ አለች፣ ልብስ እያሰጣች ነው እያልኩ።”

ሰብሳቢው ድንጋይዋን ሳይመቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

ዶኛ ኔሬይዳ ወደ ቤታቸው ገቡ። ስብሰባውን ረግጠው የወጡ መስሎን ነበር፤ ዶማ ይዘው ተመለሱ። ወደ ምሰሶው ሄደው፣ ፓፒን በልጃቸው ስም ያደረገው የአመድ ክብ መሃል ላይ ቆሙና፣ “እትብቱ ጎትቶ አምጥቶልኛል፤ አለሁ ማለቴን ግን ለልጄ አልነገረልኝም” አሉ። ቀጥለውም “ከእትብቱ ጋር እኔ እስማማለሁ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ” ብለው የመጀመሪያውን ዶማ አሳረፉ። ዶን ኤላዲዮ አራት ጣት ብቻ ይበቃል እያሉ ተከትለው ሮጡ። ዊልፍሪን መረቡን ጣለ። ፓፒን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ አካፋ ተውሶ መጣ። ዶኛ ሴንሲያ ወንበራቸውን ወደ ሥራው እንዲያዞሩላቸው አዝዘው፣ “ጠለቅ አታድርጉት፣ ልጅ አይደለም የምትቀብሩት!” እያሉ መምራት ጀመሩ።

አጀንዳ 3፣ የዶሮዎቹ ጉዳይ፣ ለአራተኛ ጊዜ ተላልፏል።

ማጠቃለያ

ሰብሳቢው ከቁፋሮው ጫፍ ላይ ቆመው ስብሰባውን በሥርዓቱ ለመዝጋት ሲሞክሩ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከጸሐፊዋ በቀር የቀረ አባል አልነበረም። ስለዚህ የሚከተለው ውሳኔ በቆፋሪዎቹ መካከል እየተዞረ በአንድ በአንድ ተጠይቆ ጸድቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ ከአንድ እስከ አምስት የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ሽቦው መሄድ በፈለገበት ይሂድ፤ በዶሚኖ ጠረጴዛውም፣ በአመዱም፣ በማጠቢያውም ሥር። እትብት ከተገኘ ባለቤቱ ወይም እናቱ በእጇ አንስታ እዚያው ጎኑ ትመልሰው። ምሰሶው በግቢው ካለው ሁሉ ጋር ይተዋወቅ።

ዶኛ ኔሬይዳ ዶማቸውን ሳያስቀምጡ አንድ ነገር እንዲጨመር ጠየቁ። “አበልጄ፣ የልጄ ስም ዳግም በሬዲዮ ቢጠራ ብቻዎን አይመልሱ። እኔንም ይጥሩኝ።”

ዶን ኤላዲዮ ፈቃድ የሌለው ሰው በሬዲዮ መናገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስታወሷቸው።

“እኔ መች ልናገር አልኩ? አለሁ ልበል ነው እንጂ።”

ሰብሳቢው ጥያቄው ከሕግ ጋር ስለሚጋጭ ድምፅ እንዲሰጥበት አዘዙ። እጅ አውጡ ቢባልም የሁሉም እጅ አፈር ውስጥ ነበር። የወጣ እጅ ባለመኖሩ ስብሰባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ይህ ጥያቄ ሳይወሰን ተበትኗል። ተቃዋሚ አልነበረም።

ጸሐፊ፦ ዩደልካ ፔጌሮ